ድምፁ ገባ፣ ገጣሚው ደጅ ቀረ

ሲዲዎቻቸውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው በቤታቸው ትልቅ ስፒከር የሚያዳምጡ ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማሉ፤ «ሙዚቃው አንድም ሳይጎድል ገብቷል» ይላሉ። ከዚያም ሲዲውን ከነሽፋኑ በካርቶን አጭቀው ለሰው ይሰጣሉ፣ አለዚያም ይጥላሉ። እኔም ገልባጭ ነኝ። ሦስት መቶ ያህል ሲዲዎቼ ዛሬ መዳፍ በምታህል ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ በቤቱ ኔትወርክ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ እየተላለፉ ሳሎኔን ይሞሉታል። ስለዚህ ጠቤ ከመገልበጡ ጋር አይደለም። ጠቤ «አንድም ሳይጎድል» ከሚለው ቃል ጋር ነው። የጎደለ አለና፤ የጎደለውም እኛን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን ከማንም በላይ ሊያሳስበን የሚገባ ሰው ነው።

ስለ ድምፁ አልከራከርም። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት የሚመዘግብ ዕቃ ነው። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሲገለበጥ የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል እንጂ ከልኬቱ አንዲት አትወድቅም። ኤምፒስሪ ግን እየቆረጠ ይጥላል፤ በቀድሞው የ128 ኪሎቢት መጠን የሚተርፈው መረጃ ከሲዲው ዐሥራ አንድ እጅ አንዱ ያህል ነበር። ማስቀመጫ እንዲህ በተትረፈረፈበት ዘመን ፍላክን የማይመርጥ ሰው ምክንያቱ አይገባኝም። (ገመድ በወርቅ ዋጋ ገዝቶ «የክራሩ ጅማት ተለየልኝ» ለሚለው ወዳጄ መልሴ ፈገግታ ብቻ ነው።)

ነገሩ የሚበላሸው ከድምፁ ቀጥሎ ነው። ብዙ ሰው አያስተውለውም እንጂ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ በውስጡ ስም የለውም። በኋላ ስም የሚይዝ ዓይነት ቢመጣም በአብዛኞቹ ዲስኮች ላይ ያለው የዘፈኖቹ ብዛትና ርዝመት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ያንን ርዝመት ይዞ ወደ ኢንተርኔት ይሄድና «ይህን የሚመስል ዲስክ ማን ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያገኘውም መልስ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሲዲ ቀድሞ የገለበጠ አንድ የማይታወቅ ሰው በትርፍ ጊዜው የተየበውን ዝርዝር ነው። አንዱ ተያቢ የጥላሁን ገሠሠን ስም በላቲን ፊደል በአንድ «ኤስ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት፤ ሦስተኛው በራሳችን ፊደል «ገሰሰ» ይለዋል፣ አራተኛው «ገሠሠ»። ማሽኑ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር ማስታረቅ አያውቅምና በእኔ ስብስብ ውስጥ ጥላሁን አራት ሰው ሆኖ ተገኘ። አስቴር አወቀን ደግሞ ፈረንጅኛው ደንብ «አወቀ» ብሎ ይደረድራታል፤ በልጅቱ ድምፅ አባትየው ይጠራበታል።

የሙዚቃው ዓይነትማ አይነሣ። የመጀመሪያው የኤምፒስሪ መለያ 80 የሙዚቃ ዓይነቶችን የያዘ ሰንጠረዥ ነበረው፤ ቁጥር 0 ብሉዝ፣ ቁጥር 8 ጃዝ እያለ ይሄዳል። እንጉርጉሮ፣ ሽለላ፣ መንዙማ የሚባሉ ነገሮች በዓለም ላይ መኖራቸውን አልሰማም። ለእኛ የተረፈን ቁጥር 48 ነው፣ «ኤትኒክ»። ሽለላን በሳክስፎን የነፋው ጌታቸው መኩሪያና በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በአንድ ጆንያ ታጭቀው ይቀመጣሉ። ዘመኑም እንዲሁ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል ካሳተማቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች አራተኛው፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ የተሰበሰበበት፣ ገና ከርዕሱ ከ1969 እስከ 1974 የተሠራ መሆኑን ይናገራል። ፋይሉ ግን ዲስኩ የታተመበትን 1998 ይዞ ቁጭ ይላል። በንጉሡ ዘመን የተቀዳ ሙዚቃ ከአብዮቱ በኋላ፣ ከደርግም ውድቀት በኋላ እንደተሠራ ተቆጥሮ ይደረደራል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እንኳ ተስቆበት ያልፋል። የማያስቀው የገጣሚው ነገር ነው።

የካሴት ዘመን ሰው ያስታውሳል፤ ከሽፋኑ ውስጥ በደቃቅ ፊደል «ግጥም፦»፣ «ዜማ፦»፣ «ቅንብር፦» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኔ ይልማ ገብረአብን፣ አበበ መለሰን፣ ሞገስ ተካን፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆን በስም ያወቅኋቸው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእነዚያ ታጣፊ ወረቀቶች ነው። ደግሞስ የአማርኛ ግጥም ከሚነበበው ይልቅ የሚዘፈነው አይበልጥምን? የግጥም መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ሰው በቃሉ የያዘው ስንኝ አለው፤ ሲለያይም ሲናፍቅም የሚያንጎራጉረው እሱን ነው። ያንን ስንኝ የቋጠረ ሰው አለ። ሲዲው ሲገለበጥ ዘፋኙ ይገባል፣ ርዕሱ ይገባል፣ የሽፋኑ ሥዕልም እንደ ቴምብር ተኮማትሮ ይገባል። ገጣሚው ግን ደጅ ይቀራል። እንዲያውም አንዳንዱ ተያቢ ባዶ ቦታ ማየት አስጨንቆት በደራሲው ስፍራ ዘፋኙን ይደግመዋል። የብራና ጸሐፊ እንኳ ብዙ ጊዜ ሥራውን ሲጨርስ ያስጻፈውንና የራሱን ስም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያኖር ነበር። በእኛም ዘመን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ሳሎኔ ፍርድ ቤት ስላልሆነ ማንንም በአዋጅ አላስፈራራም፤ ሕግ አውጪው ያሰበለትን ሰው የግጥም አፍቃሪ ሲረሳው ግን ያሳፍረኛል።

«ፕሮግራሙ ለገጣሚ ቦታ የለውም» የሚሉኝ አሉ። ሐሰት ነው። ሁለተኛው የኤምፒስሪ መለያ ራሱን የቻለ የግጥም ደራሲ ሳጥን አለው። ፍላክማ የፈለጉትን ሳጥን በፈለጉት ስም ይከፍታል። «ፊደላችንን አያውቅም» የሚለውም ያረጀ ሰበብ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ጉድለቱ ከፋይሉ ሳይሆን ከሚያጫውቱት ፕሮግራሞች ነው፤ ርዕስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም ብለው ሦስት መስመር ካሳዩ በኋላ ሥራቸው ያለቀ ይመስላቸዋል። ከዚያም አልፎ ጉድለቱ ከእኛው ስንፍና ነው። ለአንድ ሲዲ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ለምን ትደክማለህ፣ ሁሉም በኢንተርኔት አለ» ይሉኛል። ዛሬ ያለው ውሉ ሲያልቅ ነገ ይነሣል፤ የእኔ ሳጥን ግን ውል የለባትም። የደራሲ ስም የሚያሳዩ አገልግሎቶች መኖራቸውን አልክድም። የሚያሳዩት ግን አከፋፋዩ የላከላቸውን ብቻ ነው፤ አከፋፋዩ ካልላከ ገጣሚው ከመጀመሪያውም እንዳልተወለደ ይቆጠራል።

የእህቴ ልጅ አንድ ምሽት መነጽሬን አድርጌ ከወረቀት ላይ ስተይብ አይታ፣ «ጋሼ፣ ማን ያነበዋል ብለህ ነው? ይጫወት በቃ!» አለችኝ። የሚጫወተውን ዘፈን ቃል በቃል አብራ ትዘፍን ነበር። ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቅኋት፤ የዘፋኙን ስም ነገረችኝ።

አሠራሬ ቀላል ነው። ሽፋኑን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ ከፋይሎቹ ጋር አኖራለሁ። ገጣሚውን፣ ዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን በፊደላችን እጽፋለሁ። የዘፈኑን ዘመን ከዲስኩ ዘመን እለያለሁ። ደራሲው ካልታወቀ «ያልታወቀ» እላለሁ፤ በዘፋኙ ስም አልሸፍነውም። አሁን ከስልኬ ዘፈን ስመርጥ «ግጥም» ብዬ መፈለግ እችላለሁ። አንድ ገጣሚ ለሰባት ዘፋኞች የሰጣቸውን ስንኞች ባንድ ምሽት በተከታታይ ሰምቼ፣ አንዲቱን ምስል ከዘፈን ወደ ዘፈን እየቀያየረ ሲያበስላት ታዝቤአለሁ። ይህን በየትኛውም የግጥም መድበል አላገኘሁትም፤ ግጥሞቹ ለብቻቸው አልታተሙማ።

የቀሩኝ 37 ሲዲዎች ናቸው። በፎቶ ኮፒ ሽፋን የተሸጡ፣ ከዘፋኙ ፎቶና ከሙዚቃ ቤት ስልክ በቀር ምንም ያልተጻፈባቸው። ድምፃቸው ከገባ ቆይቷል። ስለ አሥራ ሁለቱ ያኔ ካሴት ይሸጡ የነበሩ አንድ አዛውንት በቃላቸው ነግረውኛል፤ ስለ ቀሩት እጠይቃለሁ፣ ዲስኮቹም እስከዚያው ከመደርደሪያው አይወርዱም።