ከተማይቱን የሚገዛት ማን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መጻፋችንን አይቶ «ስንት ቁም ነገር እያለ!» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ብዙዎቻችን ለፈተና ከምናመሽበት ሌሊት ይልቅ ለጨዋታ የምናመሽበት ሌሊት የሚበዛ ስለ ሆነ፣ ጨዋታው ምን እያስተማረን እንደ ሆነ መጠየቅ ከቁም ነገር የወጣ አይመስለንም።

በሴሚስተሩ ዕረፍት ወደየቤተ ሰባችን ያልሄድን አራት ተማሪዎች በአንድ ጓደኛችን ላፕቶፕ ሲምሲቲ የተባለውን የቆየ ጨዋታ ስንጫወት ሰነበትን። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ የከተማ ከንቲባ ነው። መሬቱን ለመኖሪያ፣ ለንግድና ለኢንዱስትሪ ይከፋፍላል፤ መንገድ ይዘረጋል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ ይተክላል፤ ግብሩን ከ0 እስከ 20 ከመቶ ይወስናል። በሦስተኛው ሌሊት ገንዘብ አጠረን። ስለዚህ በወንዙ ዳር የነበረውን ያረጀ ሰፈር አፍርሰን በቦታው የንግድ ቀጠና ለማቆም ተስማማን። በጨዋታው አንዱን ካሬ በዶዘር ለመጥረግ የሚከፈለው 1 ዶላር ብቻ ነው። ሰፈሩ በጥቂት ደቂቃ ጠፋ፤ እኛም አጨበጨብን። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «እነዚያ ሰዎች የት ገቡ?» ሲል ጠየቀ።

መልስ የሰጠው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር የትም አልገቡም። ከሕዝቡ ቁጥር ላይ ተቀነሱ፤ በቃ። ካሳ የለም፤ አቤቱታ የለም፤ ዕድሩ የተበተነበት ሽማግሌ የለም፤ ትምህርት ቤቱ የራቀበት ሕፃን የለም። ይህ የሆነው እኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ጨካኞች ስለ ሆንን አይደለም። ጨዋታው እነዚህን ሰዎች የምናይበት ዓይን ስላልሰጠን ነው እንጂ። እንግዲህ ደንቡን ያወጣው ማን ነው?

ሲምሲቲን ያወጣው ማክሲስ የተባለ ድርጅት ነው። ዊል ራይትና ጄፍ ብራውን በ1987 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ አቋቋሙት። ራይት ቀደም ሲል አንድ የጦርነት ጨዋታ ሲሠራ፣ ደሴቶቹን ከመደብደብ ይልቅ ማነጹ የበለጠ እንዳስደሰተው ተገነዘበ። አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበትን ጨዋታ ግን የሚያሳትምለት በቀላሉ አልተገኘም። በመጨረሻ በ1989 ወጣና ዓለምን አዳረሰ።

ራይት የከተማን አሠራር ለመረዳት ካነበባቸው ሰዎች አንዱ ጄይ ፎሬስተር ነው። ይህ የኤም አይ ቲ መሐንዲስ በ1969 ስለ ከተሞች ዕድገትና ውድቀት በኮምፒዩተር ስሌት ላይ የቆመ መጽሐፍ አሳተመ። ስሌቱ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ለድኾች ርካሽ ቤት መሥራት ከተማይቱን እንደሚጎዳ፣ ያረጁ ቤቶችን ማፍረስ ግን እንደሚጠቅማት የሚናገር ነበር። ተቺዎቹም መደምደሚያው የመጣው ከከተማይቱ ሳይሆን እርሱ ራሱ በስሌቱ ውስጥ ካስገባው ግምት ነው ሲሉ ተከራከሩት። ሲምሲቲ የፎሬስተርን አሳብ እንዳለ ገለበጠ አንልም። የምንለው ይህ ነው፤ ግምት የሌለበት ስሌት የለም፤ ግምቱም በማሽን ውስጥ ሲቀበር የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል።

የማክሲስን ሥራዎች በተርታ ስንመለከት ይኸው ነገር ይደጋገማል። በ1990 የወጣው ሲምኧርዝ፣ ምድር ራሷን የምታስተካክል አንዲት ሕያው ነገር ናት በሚለው በጀምስ ላቭሎክ አሳብ ላይ የተሠራ ነው። በ1991 የወጣው ሲምአንት ያለ አዛዥ በጠረን እየተመሩ የሚሠሩ ጉንዳኖችን ያሳያል። በ2000 የወጣው ዘ ሲምስ ደግሞ ከከተማ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ራይት በ1991 በኦክላንድ በተነሣው ቃጠሎ ቤቱን አጥቶ ዕቃውን እንደገና ሲያሟላ ያሰላሰለው ነገር ለዚህ ጨዋታ መነሻ ሆኖታል። በጨዋታው የተሻለ ሶፋ የገዛ ሰው የተሻለ ያርፋል፤ በሥራው ዕድገት ለማግኘትም የወዳጆቹ ቁጥር መሙላት አለበት። ራይት ይህን በፌዝ ዓይን እንዳየው ይናገራል። ነገር ግን ፌዝ መሆኑን ሳያውቅ ወዳጅን እንደ ደረጃ መወጣጫ መቍጠር የተማረ ተጫዋች ስንት ይሆን?

ማክሲስ በ1997 ለኤሌክትሮኒክ አርትስ ተሸጠ። በ2013 የወጣው አዲሱ ሲምሲቲ ሁለት ነገር አስተምሮናል። አንደኛ፣ የመኪና ማቆሚያ በእውነተኛው ስፋት ቢሳል ከተማይቱ አታምርም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ አብዛኛው ከመሬት በታች እንዳለ አድርገው አለፉት። ለዓይን የማያምረው እውነት ተደበቀ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም ነበር። በወጣበት ሳምንት የድርጅቱ ሰርቨሮች ስለ ተጨናነቁ ገንዘባቸውን የከፈሉት ከንቲባዎች ከገዛ ከተማቸው ደጅ ቆሙ። ያለ ኢንተርኔት መጫወት የተፈቀደው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በ2015 ደግሞ የማክሲስ ዋና ስቱዲዮ ተዘጋ።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ምን አጨቃጨቃችሁ?» የሚሉን የምሕንድስናና የኢኮኖሚክስ ጓደኞቻችን አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። አንድ ሽቦ ሲበጠስ ሰፈር እንዴት እንደሚጨልም፣ ፋብሪካ ከመኖሪያ አጠገብ ሲተከል ምን እንደሚከተል፣ ገቢና ወጪ እንዴት እንደሚጠባበቁ በሲምሲቲ እንደምናየው አድርጎ የሚያሳይ ሌክቸር ጥቂት ነው። ሁሉን የያዘ ሞዴልም ሊኖር አይችልም። ነገር ግን የጎደለውን አውቆ መጫወት አንድ ነገር ነው፤ ጎደሎውን ሙሉ ነው ብሎ ማመን ሌላ ነገር ነው። ነገ ከእኛ መካከል በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ የሚቀመጥ ይኖራል። በካርታው ላይ ያለችው ካሬ የ1 ዶላር ካሬ ከመሰለችው፣ ስሕተቱን የሚከፍለው እርሱ አይሆንም።

መድኃኒቱ ጨዋታውን መተው አይደለም። ከማክሲስ ሥራዎች መካከል መንገዱን የሚያመለክት አለ። በ1994 ከማርክል ፋውንዴሽን ጋር የወጣው ሲምኸልዝ ስለ አሜሪካ የሕክምና አገልግሎት ክርክር የተሠራ ሲሆን፣ ተጫዋቹ የሚያምንበትን እንዲመርጥና ግምቶቹን ራሱ እንዲለውጥ ይፈቅድ ነበር። በ2008 ደግሞ የመጀመሪያው ሲምሲቲ ኮድ ማይክሮፖሊስ በሚል ስም በነጻ ተለቀቀ። ዛሬ ማንም ተማሪ ከፍቶ ደንቡን ማንበብ፣ ማረምም ይችላል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ የአርት ተማሪዎች ድርሰት ስናነብ ተራኪው ማን ነው፣ ምንስ ሳይነግረን ቀረ ብለን እንጠይቃለን። ይህንኑ ጥያቄ ለማሽኑም እናቅርብለት። ኮድ ማንበብ የምታውቁት የኮምፒዩተር ሳይንስ ጓደኞቻችን ደግሞ አግዙን። በሚመጣው ሴሚስተር በኅብረቱ አዳራሽ አንድ ምሽት ማይክሮፖሊስን በጋራ ከፍተን፣ ለፈረሰ ቤት ሁሉ ባለቤት፣ ለባለቤቱም ማረፊያ የሚሰጥ ደንብ እንጨምርበት። ያን ጊዜ ከተማይቱ ቀስ ብላ ታድግ ይሆናል፤ ግምጃ ቤቷም ይሳሳ ይሆናል። ቢሆንም «የት ገቡ?» ተብለን ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ ይኖረናል።