ዳቦው ውስጥ ምን አለ?



ውድ አንባቢያን፣ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሥጋ ለየብቻ ይበላል። ለሠርግም ሆነ ለሐዘን የሙስሊም እንግዳ ካለ በሙስሊም እጅ የታረደ በግ በተለየ ድስት ይሠራለታል። ዳቦ ግን እንዲህ ሲለይ አልኖረም። ከአዲስ ዓለም ሙስሊም ቤት የወጣውን ድፎ ክርስቲያኑ ጎረቤት ይቆርሰዋል፤ ከክርስቲያኑ ቤት የመጣውንም ሙስሊሙ ይበላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዳቦ ማለት ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ነበር። ዛሬ ግን በዳቦ ስም የሚሸጠው ሁሉ እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ለሥጋ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለዳቦና ለኬክም ልናደርግ ይገባናል እላለሁ።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የኮሪያ ዳቦ ቤት ነው። ነገሩ ለጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ በተለይ አናንዴል በተባለው ሰፈር፣ የኮሪያውያን ዳቦ ቤቶች በርካታ ናቸው። ለትምህርት ወደ ኮሪያ የሚሄዱ ልጆቻችንም አሉ። ኮሪያውያን የቆየ ምግባቸው ሩዝ ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1953 ከቆመ በኋላ የአሜሪካ የእርዳታ ስንዴ በብዛት ሲገባ ዳቦ በአገሩ ተስፋፋ። በዴጆን ከተማ ዝነኛ የሆነው ሱንግሺምዳንግ ዳቦ ቤት እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረው ከቤተ ክርስቲያን በእርዳታ በተገኘ ሁለት ጆንያ ዱቄት ነው።

ዘመድ ልጠይቅ አናንዴል በሄድኩበት ጊዜ እኔም ከዳቦዎቹ ቀምሻለሁ። ዳንፓትፓንግ የሚሉት ውስጡ ከቦሎቄ የሚቀራረብ ቀይ ጥራጥሬ በስኳር ተቀቅሎና ተፈጭቶ የተሞላ ነው፤ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ሶቦሮ የሚሉት ከላዩ ፍርፍር ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኦቾሎኒ ስለሚገባበት ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ይጠንቀቅ። ከእነዚሁ ጎን ግን ቋሊማ የተጠቀለለበት ዳቦ ተደርድሯል፤ ቋሊማው ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ደንበኛው ትሪና መቆንጠጫ ይዞ ራሱ ያነሳል። ቋሊማውን ያነሳው መቆንጠጫ መልሶ ጣፋጩን ዳቦ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ አዲስ መቆንጠጫ ወይም ጓንት እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ጥያቄው የጋጋሪው ዜግነትና ሃይማኖት አይደለም፤ በሊጡና በክሬሙ የገባው ነው። ስቡ ቅቤ ነው ወይስ የአሳማ ስብ? ክሬሙን የሚያረጋው ጀላቲን ከየትኛው እንስሳ ነው? ኬኩ ላይ ሩም ወይም ሌላ መጠጥ ተረጭቷል? ጀላቲን ከአሳማም ከከብትም ቆዳና አጥንት ይሠራል። በሂደት የተለወጠ ንጥረ ነገር ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ኮሪያ ያላችሁ ልጆች “ድዌጂጎጊ” ማለት የአሳማ ሥጋ መሆኑን ያዙ። በሴኡል እ.ኤ.አ. በ1976 በተከፈተው በኢቴዎን መስጂድ አካባቢ ሐላል ምግብ የሚሸጡ ቤቶች ይገኛሉ።

ሐላል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። ቁርኣን ሐላልን ከጠይብ፣ ማለትም ከመልካምና ከንጹሕ ጋር አጣምሮ ያነሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በረመዳን በባዶ ሆድ ኬክ፣ ጣፋጭ ጁስና ስኳር የበዛበት ሻይ ለሚያከታትል ሰው ይህ ልክ በኢፍጣር ብቻ ሊያልቅ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ ከሐኪሙ ጋር መመካከር አለበት።

የኮሪያውን ዳቦ አትቅመሱ አላልኩም፤ አልፎ አልፎ የሚቀመስ ጣፋጭ እንጂ የዕለት እንጀራ አይደለም። ለየዕለቱ ወገራና ዳባት የሚያበቅሉት ገብስና ስንዴ አለልን። ከነገለባው ተፈጭቶ የተጋገረ ዳቦ አሰሩ ስለሚበዛ ቶሎ አያስርብም፤ የደም ስኳርንም እንደ ነጭ ዱቄት በአንዴ አያስወጣም። በጎንደር ፒያሳ ኬክ ስትገዙም ያንኑ ጥያቄ በትሕትና ጠይቁ። ጠያቂ ደንበኛ ሲበዛ ባለ ሱቁም የሚገዛውን ስብና ክሬም ምንነት ማወቅ ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ከሆነ ዳቦ ጎረቤት ከጎረቤት ያለ ሥጋት የሚካፈለው ምግብ ሆኖ ይቆያል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።