ወይኑ ነው የተለወጠው ወይስ እኛ?

በበዓል ማግስት በብዙ ቤት የሚሰማ ክርክር አለ። ለፋሲካ የተከፈተው ወይን «እንዴት ይጣፍጣል!» ተብሎ ይመሰገናል። ለዳግማይ ትንሣኤ ያው ስም ያለው ጠርሙስ ሲከፈት ግን «ይሄ ደግሞ ምን ነካው?» ይባላል። ወዲያው ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። ባለሱቁ አታሏል፣ ገዢው ርካሹን መርጧል፣ የቀዳችው ምራት ውኃ ጨምራበታለች። እኔ ዳኛ ብሆን ከመፍረዴ በፊት አራት ምስክሮች እጠራለሁ፦ ጠርሙሱን፣ ማዕዱን፣ አፍንጫችንንና ሐሳባችንን።

ከጠርሙሱ እንጀምር። ወይን አንዴ ከተከፈተ አየር ያገኘዋል። መጀመሪያ ላይ አየሩ ጠረኑን ሊያወጣው ይችላል፤ ቀን ሲቆጠር ግን ወደ ኮምጣጤነት ይወስደዋል። ስለዚህ የተረፈውን በደንብ ከድኖ ፍሪጅ ማስገባትና በጥቂት ቀናት ውስጥ መጨረስ ይሻላል። ጠጅ ጥለው የሚያውቁ እናቶች ይህ አይገርማቸውም። ጠጁ እየቆየ በሄደ ቁጥር የማሩ ስኳር ወደ አልኮል ይለወጣልና የሰኞው ጠጅ ቅዳሜ ላይ ጣፋጭነቱ ቀንሶ ኃይሉ ይጨምራል።

ቅዝቃዜም የራሱ ድርሻ አለው። ቀይ ወይን ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ሲቀዳ ጠረኑ ይታፈናል፤ እንዳልበሰለ ሙዝ አፍ የሚይዘው ነገር ግን ይጎላል። ምድጃ አጠገብ ውሎ ሲሞቅ ደግሞ የአልኮሉ ሽታ ሁሉን ይሸፍናል። ቀዩን ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ከፍሪጅ ማውጣት ብቻውን ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሁለተኛው ምስክር ማዕዱ ነው። አፍ የሚይዝ ቀይ ወይን ከጥብስ ወይም ከክትፎ ጋር ይለሰልሳል። ከኬክ በኋላ ሲጠጣ ያው ወይን ይኮመጥጣል። በርበሬ ከበዛበት ዶሮ ወጥ ጋር ሲሆን አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ጥርስን በሳሙና ቦርሾ ወዲያው መቅመስም አይመከርም፤ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ጣፋጩን ያደበዝዛል፣ መራራውን ያጎላል።

ሦስተኛው አፍንጫ ነው። ጣዕም ከምንለው አብዛኛው ሽታ ነው። ይህን ለማየት ወይን አያስፈልግም፤ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር በከረሜላ ሞክሩት። አፍንጫቸውን ይዘው ሲያላምጡ ጣፋጭ መሆኑን ብቻ ያውቃሉ። አፍንጫቸውን ሲለቁ ብርቱካን ይሁን እንጆሪ ወዲያው ይለያሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው ምግቡ ሁሉ «ጭድ ጭድ» የሚለውም ለዚሁ ነው።

አራተኛው ሐሳባችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ በቦርዶ 54 ቀማሾች በቀይ ቀለም የተነከረ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ስለ ቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገልጸውታል። በ2008 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ሰዎች የ5 ዶላር ወይን «45 ዶላር ነው» ሲባሉ ያንኑ ወይን የበለጠ ወደውታል። እንግዲህ ዘመድ የተሰበሰበበት የፋሲካ ወይንና በድካም ምሽት ብቻችንን የጠጣነው ወይን እንዴት እኩል ይጣፍጠናል?

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ግን ለወይኑ ብዬ ብቻ አይደለም። ጣዕሙ አንድ ቀን ቢለወጥ ምንም አይደለም። ለሳምንታት ወይኑም፣ ቡናውም፣ ወጡም ጣዕም ካጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዲት አክስቴ የቀረበላትን ሁሉ «አልጫ ነው» እያለች ጨው ትጨምር ነበር። ምራቶቿ እንደ ስድብ ቆጠሩት፤ እሷም የተናቀች መሰላት። የደም ግፊት ያለባት ሴት መሆኗን ልብ በሉ። በመጨረሻ ሐኪሟ የግፊት መድኃኒቷን ሲቀይርላት ጣዕሟ ተመለሰ፤ ጨው መነስነሱም ቀረ። ወራት የፈጀው ኩርፊያ ግን መነሻው አንድ ክኒን ነበር።

ዕድሜ ከ60 ሲያልፍ የማሽተት ችሎታ ይደክማል። አንዳንድ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኢንፌክሽን መድኃኒቶች ጣዕምን ይለውጣሉ። ኮቪድ የብዙዎችን ሽታ እንደወሰደ አይተናል። አልፎ አልፎም ሽታ ማጣት እንደ ፓርኪንሰን ላለ በሽታ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ይሆናል። ማሽተት የተሳነው ሰው የጋዝ ማፍሰስን ወይም የተበላሸ ወጥን ላያውቅ ስለሚችል ጉዳዩ የምግብ ፍላጎት ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጨው መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላና ኮረሪማ ግፊት ሳይጨምሩ ምግቡን ያነቃቁታል። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም ግን አይገባም፤ ለሐኪም መንገር ነው። መድኃኒት የሚወስድ አዛውንትም ወይን ከመቅመሱ በፊት ይጠይቅ።

አባባ ወይም እማማ «ይሄ ነገር ጣዕም የለውም» ሲሉ፣ ያበሰለው ሰው ከመቀየሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነብዎ?»