መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ በሽተኛው ግን ይጠብቅ!

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለእኛ ለፎገራ ሰዎች የተተረተ አይመስለኝም ነበር። የእኛ ላም ርብና ጉማራ ባጠጡት ሜዳ ላይ ስትግጥ በዓይናችን እናያታለን፤ ስትታለብም ወተቷን እንጠጣለን። አሁን አሁን ግን ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ጣና ዳር ያለን ሰዎች የሰማይ ላም ባለቤቶች ሆነናል። ላሟ «አፕዴት» ትባላለች። ተወልዳለች ይሉናል፣ ታልባለች ይሉናል፣ መንገድ ላይ ናት ይሉናል... ወተቷን የቀመሰ ግን ስንት ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ዕቁብ ጥሎ፣ ከአረብ አገር እህቱ የላከችለትን ጨምሮበት፣ ተገጣጥሞ ያለቀለት ጌሚንግ ኮምፒውተር ይገዛል። ለምን ያለቀለትን? ዕቃውን አንድ በአንድ ለቅሞ የሚገጥምለት ባለሙያ በቅርብ ስለማያገኝ፤ «ኩባንያው ገጥሞታል፣ ኩባንያው ይጠየቅበታል» ብሎም ስለሚያምን። ቀን ጌም ያስጫውትበታል፤ ማታ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብርበታል። «በዚህ ሁሉ መከራ መሀል ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጌታው! ለአንዱ ጨዋታ የሆነው ለሌላው እንጀራው ነው።

ለማያውቁት ላስረዳ። ኮምፒውተር ሲበራ ገና ዊንዶውስ ሳይነሳ ቀድሞ የሚነቃ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ፈርምዌር ይሉታል፤ ባዮስም ይሉታል። ሚሞሪውን የሚቀሰቅሰው፣ ማራገቢያውን የሚያሽከረክረው፣ የፕሮሰሰሩን ቮልት የሚያስተካክለው እሱ ነው። እሱ ከተሳሳተ ከላይ ያለው ሁሉ የአሸዋ ላይ ቤት ነው። ስህተቱ የሚታረመው ደግሞ በአፕዴት ነው።

አሁን ሐቁን በቀን በቀኑ እናስቀምጠው። ኢንቴል 13ኛውን ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሩን በጥቅምት 2015 ዓ.ም፣ 14ኛውን በጥቅምት 2016 ዓ.ም ለገበያ አቀረበ። ገዢዎች «ጨዋታ መሀል ድርግም ይልብናል» እያሉ ጮኹ። ለወራት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲያከራክር ቆየ። ኩባንያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም በይፋ አመነ፦ የፕሮሰሰሩ ማይክሮኮድ የተሳሳተ የቮልት ጥያቄ እያቀረበ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ኃይል ይሄድበት ነበር። በነሐሴ 2016 ዓ.ም ጥያቄውን በ1.55 ቮልት የሚገድብ ማረሚያ አወጣ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም ደግሞ ሌላ ደረበበት።

እንግዲህ መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው። እልል በሉ! ግን ቀስ... ይህ መድኃኒት የተጎዳውን አያድንም። ያልተጎዳው እንዳይጎዳ ብቻ ይከላከላል። ይህንን ያለው ኩባንያው ራሱ ነው። ስለዚህ ያልታረመ ማሽን በበራ ቁጥር ሊበላው ይችላል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። አፕዴት መዘግየቱ የትዕግሥት ጉዳይ ነው የሚሉን ሰዎች ይህችን ነጥብ ዘለው ነው የሚያወሩት። ቤት እየተቃጠለ «ውኃው ተቀድቷል፣ ጠብቁ» ማለት ምን የሚሉት ማጽናናት ነው?

መድኃኒቱ የሚዘገየው የት ነው? ፕሮሰሰር ሠሪው ማረሚያውን ለማዘርቦርድ ሠሪ ይሰጣል። ማዘርቦርድ ሠሪው ለእያንዳንዱ ሞዴል ባዮስ አዘጋጅቶ ያወጣል። ዕቃውን ለቅሞ የገጠመ ሰው እዚህ ላይ ፋይሉን አውርዶ ይገላገላል። ተገጥሞ ያለቀለትን የገዛው ግን ገና ነው! ዴልና ኤችፒን የመሳሰሉ ትልልቅ ገጣጣሚዎች ለራሳቸው ማሽን ብቻ የተሠራ ማዘርቦርድ ይጠቀማሉ። የሌላውን ፋይል ጫንበት ማለት የራስህን ማሽን ግደል ማለት ነው። ስለዚህ ገጣጣሚው እስኪፈትሽ፣ እስኪያጸድቅና እስኪለጥፍ ድረስ ገዢው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አዲስ ሞዴል ለመሸጥ የሚሮጠው ገጣጣሚ፣ የሸጠውን ለማረም ሲሆን እግሩ ይተሳሰራል።

ዋስትናውም እንዲሁ ነው። ኢንቴል በሐምሌ 2016 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ዋስትናውን በሁለት ዓመት ሲያራዝም፣ ፕሮሰሰሩን በካርቶን ለብቻው የገዛውን በቀጥታ አስተናግዳለሁ አለ። በተገጠመ ኮምፒውተር ውስጥ ያገኘው ግን ወደ ገጣጣሚው እንዲሄድ ተነገረው። ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሰው ከበር ወደ በር የሚላከው በምን ጥፋቱ ነው?

እኔም አልተረፍኩም። ስሙን ከማልጠራው ገጣጣሚ የተገዛ ማሽን አለኝ። የባዮስ ማረሚያ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ የለም። ለደንበኞች አገልግሎቱ ጻፍኩ፤ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። ማን ታገሠ? ለሸጠልኝ ሱቅ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ማሽኑ ይበራል አይደል?» አለኝ። ይበራል። «ታዲያ ምን ሆንክ?» ብሎ ዘጋው!

ከዚህ በላይ የሚያሳፍርም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ተመራማሪዎች ይፋ እንዳደረጉት፣ የበርካታ ታዋቂ ኩባንያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞዴሎች «አትመኑት» ተብሎ የተጻፈበትን የሙከራ ቁልፍ በፈርምዌራቸው ውስጥ እንደያዘ ለገበያ ቀርበዋል። ቁልፉም አፈትልኮ ወጥቷል። ሌባ እንዳይገባ የተሠራ በር፣ ቁልፉ አደባባይ ወድቆ! ይህም የሚታረመው በፈርምዌር አፕዴት ነው። ጉድ በል ጎንደር!

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ጣጣው እጥፍ ይሆናል። ገጣጣሚው ፋይሉን ቢለጥፍ እንኳ በምን ይወርዳል? በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። የተዋጋውም ያልተዋጋውም፣ ሩዝ ነጋዴውም ተማሪውም ጌም ቤት ያለውም እኩል ተቀጣ። ወረታ እኮ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኝባት፣ ደረቅ ወደብ የተሠራላት ከተማ ናት። በቶን የሚመዘን ኮንቴይነር ይደርስባታል ተብሎ ወደብ ሲሠራላት፣ 16 ወይም 32 ሜጋባይት የሆነች ክብደት የሌላት ፋይል አትገባባትም ማለት ምን ማለት ነው?

ፋይሉ በፍላሽ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ እንበል። መብራቱስ? ባዮስ ሲጫን መሀል ላይ መብራት ከሄደ ብዙው ማሽን ዳግመኛ አይነቃም። ዩፒኤስ የሌለው ልጅ «ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?» እያለ በንብረቱ ዕጣ ይጣጣላል። ካልጫነ ስህተቱ ይበላዋል፤ ከጫነ መብራት ኃይል ያውቃል!

«አፕዴት እኮ በነጻ የሚሰጥ ነው፣ ለነጻ ነገር ምን ያጨቃጭቃል?» የሚሉ የኩባንያ ጠበቆች አይጠፉም። ነጻ አይደለም! ገዢው ገና ከሱቁ ሳይወጣ ከፍሎበታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ ይሆናል። ጉድለቱ በብረቱ ይሁን በብረቱ ውስጥ ባለው ፕሮግራም ለገዢው ምን ለውጥ አለው? አውሮፓውያን ነገሩ ገብቷቸዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት የሳይበር ደኅንነት ሕግ፣ ዋና ዋና ግዴታዎቹ ከታኅሣሥ 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጸኑ፣ አምራቾች በመደበኛው ቢያንስ ለ5 ዓመት የደኅንነት አፕዴት እንዲሰጡ ያስገድዳል። የእኛ ሸማች ከማን ያንሳል?

ስለዚህ ምን ይደረግ? ገጣጣሚዎች ማረሚያው ከእጃቸው ሲገባ ለየትኛው ሞዴል በየትኛው ቀን እንደሚያወጡ ይናገሩ፤ «በቅርቡ» ቀን አይደለም! ሻጮችም ማሽኑን ከማስረከባቸው በፊት ያለውን ማረሚያ በሱቃቸው፣ በዩፒኤሳቸው ይጫኑ። የንግድ ቢሮዎችም ከዘይትና ከስኳር መለስ ሲሉ ይህንንም ይመልከቱ። ኢንተርኔት የሚዘጉ ባለሥልጣናት ደግሞ ጣታቸውን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ከማሳረፋቸው በፊት የስንቱን እንጀራ እንደሚያጠፉ ይቁጠሩ። ገዢውም ቢሆን «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ብቻ አይግዛ፤ «ለስንት ዓመት አፕዴት ትሰጡኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

የከተማችን ስም ወረታ ነው። ወረታ ማለት ደግሞ ለተቀበሉት ነገር የሚመልሱት ብድራት ነው። ብራችንን ተቀብላችኋል፤ እኛም ወረታችንን እንጂ ምጽዋት አልጠየቅናችሁም። ልብ ያለው ልብ ይበል!