ሕፃን የሚያለቅሰው ሰፈር ለመበጥበጥ አይደለም!

ይድረስ ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ሌሊት የሕፃን ልቅሶ ሰምታችሁ ግድግዳ ለምትደበድቡ፤

ከታችኛው ቧንቧ አጠገብ ካሉት ግቢዎች በአንዱ ስለሚሆነው ነገር አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ያልሰማ ካለ በአጭሩ ይኸውና። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት እናት አለች። ልጁ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ልቅሶ ይጀምራል፤ እስከ እኩለ ሌሊት አያቆምም። ጡት ይሰጠዋል፣ እምቢ ይላል፤ ይታቀፋል፣ ይወራጫል፤ ይተኛል ሲባል እንደገና ይጮኻል። አባትየው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ስለሆነ ማታ ማታ እቤት የለም።

ታዲያ ጎረቤት ምን አደረገ? አንዱ ግድግዳ ደበደበ። አንዷ «ወተቷ ቢቀጥን ነው እንጂ» ብላ አወራች። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው፣ ቡዳ በልቶታል» አለች። አከራይዋ ደግሞ «ወይ ልጅሽን ዝም አሰኚ፣ ወይ ቤቱን ልቀቂ» አሉ። በመጨረሻም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተባለና እንጥል ቆራጭ ለፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ተቀጠረ። ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ያስለጠፈኝ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው።

እኔ ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሰው ሆኜ አይደለም። የበኩር ልጄ እንዲህ ሲያለቅስብን እናቱ «ተው» እያለችኝ፣ እኔ አባት ነኝ ባዩ ቆራጭ ጠርቼ አስቆረጥኩት። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ልጁ ደም ሲተፋ እኔ ፋኖስ ይዤ ቆሜ ነበር። እግዚአብሔር አተረፈልኝ። ልቅሶው ግን በማግሥቱም፣ በሳምንቱም እንደነበረ ነበር። ያቆመው አራት ወር ሲሞላው፣ በራሱ ጊዜ ነው። እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይቅር አላለችኝም፤ ልክም ናት።

እስቲ ይህ ልቅሶ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ጤነኛ ሆኖ፣ ጡት እየጠባ፣ ክብደት እየጨመረ ሳለ ያለበቂ ምክንያት አብዝቶ የሚያለቅስ ሕፃን በዓለም ሁሉ አለ። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሞሪስ ዌሰል እ.ኤ.አ. በ1954 ለዚህ ነገር መለኪያ አውጥተውለታል። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ማልቀስ ነው መለኪያው። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ብራዝልተን የተባሉ ሌላ ሐኪም እናቶች የልጆቻቸውን ልቅሶ በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር። ጤነኛ ሕፃን ሁሉ ከተወለደ በኋላ ልቅሶው እየጨመረ ሄዶ ወደ 6ኛው ሳምንት ገደማ ከፍተኛውን ደረጃ እንደሚደርስ፣ ከዚያም እየቀነሰ እንደሚመጣ አገኙ። ልቅሶው የሚበዛውም አመሻሽ ላይ ነው። በሦስትና በአራት ወር ገደማ በአብዛኞቹ ላይ ይበርዳል።

አሁን ልብ በሉ! በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40ኛው ቀን ነው። 6 ሳምንት ስንት ቀን ነው? 42 ቀን ነው። እንግዲህ ድግሱ ተደግሶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ልጁ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ በተሳመ ሰሞን ልቅሶው ጣሪያ ይነካል። ወዲያው «ያን ቀን ከመጡት ውስጥ ዓይኑ የከፋ ነበር» ይባላል። ስንት ጎረቤት በዚህ ሰበብ ተቀያየመ! ስንት ምስኪን ሸክላ ሠሪ፣ ስንት ቀጥቃጭ በሐሰት ስሙ ጠፋ! ያ ሰው ባይመጣም ልጁ በዚያው ሳምንት ማልቀሱ አይቀርም ነበር።

«ምክንያቱስ ምንድን ነው?» ለሚለኝ፣ ቁርጥ ያለ አንድ ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ይህን ማመን ያሳፍረናል መሰለኝ፤ ስለዚህ «ቁርጠት» ብለን ሆዱ ላይ ፈረድን። ሕፃኑ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ነፋስ ያበዛል፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን ማንኛውም ሕፃን ከልቡ ሲያለቅስ እንዲሁ ይሆናል። ሲጮኽ ደግሞ አየር ይውጣል። ስለዚህ ነፋሱ ልቅሶውን አመጣ ከማለታችን በፊት ልቅሶው ነፋሱን አምጥቶ ይሆን? ብለን መጠየቅ ነበረብን።

በእናትየው ላይ የሚወርደው ነቀፌታ ከሁሉ ይብሳል። «ሽሮ በልተሽ ነው፣ ጎመን በልተሽ ነው» እየተባለች አራሷ ገንፎና አጥሚት ብቻ ይዛ ትቀራለች። በእናት ሆድ ውስጥ ያለ ነፋስ በጡት ወተት አይተላለፍም! «ወተትሽ ቀጭን ነው» ለሚላትም መልሱ ቀላል ነው። ልጁ በጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ክብደት እየጨመረ ከሆነ፣ በ24 ሰዓትም ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንት ካረጠበ ወተቷ በቂ ነው። ሚዛኑ ያለውን እንመን እንጂ ምላሳችንን አንመን። እንዲህ ያለችውን እናት በነቀፌታ አስጨንቀን ጡጦ ስናስገዛት፣ በውድ ዋጋ የተገዛ የዱቄት ወተት በቆሸሸ ውሃ ተበጥብጦ እውነተኛ የሆድ በሽታ ያመጣል።

እርግጥ ነው፣ አልፎ አልፎ የላም ወተት የማይስማማው ሕፃን አለ፤ እናቱ የጠጣችው ወተትና የበላችው ቅቤ በጡቷ በኩል ይደርሰዋል። ሰገራው ደም ወይም ንፍጥ ከቀላቀለ፣ ቆዳውን ሽፍታ ካስቸገረው፣ ደጋግሞም ካስመለሰው ይህ ሊጠረጠር ይገባል። ጾም የያዘች እናት ለሳምንታት ወተትና ቅቤ ሳትቀምስ ልጁ እንደ በፊቱ ካለቀሰ ግን ነገሩ የወተት አለመሆኑን መገመት ይቻላል። ውሳኔው የባለሙያ ነው። ቡናም ቢሆን መጠኑ ሲበዛ በጡት ወተት አልፎ ጨቅላን እንቅልፍ ይነሳል፤ አቦሉን ጠጥታ ቶናውንና በረካውን ለጎረቤት ብትተው አይጎዳትም።

«አያቶቻችን ቅቤ እየዋጡ፣ እንጥላቸው እየተቆረጠ፣ ግግ እየወጣላቸው አድገዋል» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። በአክብሮት እመልሳለሁ። ያደጉት ናቸው የሚናገሩት። በአራስነታቸው የተቀበሩት ወጥተው አይመሰክሩም። ቅቤ የሚያውጡት ሕፃን በሳምባው ገብቶ ሊታመም ይችላል። እንጥል የሚቆረጥበት ምላጭና ክር ከየት እንደመጣ፣ ማን አፍ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ ማን ያውቃል? መድማት አለ፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ፣ ከደም ወደ ደም የሚተላለፍ በሽታ አለ። ግግ ተብሎ ከድድ ተፈልፍሎ የሚወጣውም ትል ወይም በሽታ ሳይሆን የልጁ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። ሕጉም ዝም አላለም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ሕፃኑን ቅቤ ማዋጥን፣ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስማቸው ጠርቶ የሕፃናትን ሕይወት አደጋ ላይ ከሚጥሉ ጎጂ ልማዶች ጋር ቆጥሯቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣው ሰውዬም ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

«ግን እኮ ከተቆረጠ በኋላ ዝም አለ!» ይባላል። አዎን፣ ዝም ይላል። ልቅሶው በራሱ ጊዜ የሚያቆም ስለሆነ መጨረሻ ላይ የተደረገው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ዝናብ ሊያባራ ሲል ጃንጥላውን ያጠፈ ሰው «ዝናቡን ያቆምኩት እኔ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? እኛ ግን ቆራጩን አምነን እጅ መንሻ እንሰጣለን።

ይህን ስል ልቅሶ ሁሉ ይናቅ ማለቴ አይደለም። ምክንያት መፈለግ የሚገባው በቆራጭ ደጅ ሳይሆን በመጀመሪያ በልጁ ገላ ላይ፣ ቀጥሎም በጤና ጣቢያ ነው። ልብሱን አውልቁና ከራሱ እስከ ጥፍሩ እዩት። ርቦት ይሆን? ረጥቦ ይሆን? በጋቢና በብርድ ልብስ ተጀቡኖ ሞቆት ይሆን? በእግሩ ወይም በእጁ ጣት ላይ የፀጉር ዘለላ ወይም ክር ተጠምጥሞ ይሆን? በብሽሽቱ በኩል ያበጠ ነገር አለ? ቤቱስ የከሰልና የዕጣን ጭስ ታፍኖበት ይሆን? በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ማስለቀስ ብቻ ሳይሆን ይገድላል።

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ግን ነገ ሳይባል፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይኬድ፦

1ኛ/ ጡት መጥባት ካቆመ፣ ወይም ካልነኩት በስተቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፤
2ኛ/ የገላው ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ35.5 ዲግሪ በታች ከወረደ፤
3ኛ/ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ፤
4ኛ/ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፤
5ኛ/ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ደም ካስቀመጠው፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ከደረቀ፤
6ኛ/ ልቅሶው ከወትሮው የተለየ፣ ቀጭንና የሚያቃስት ከሆነ።

እነዚህ ከሌሉ፣ የጤና ባለሙያም አይቶ «ደህና ነው» ካለ፣ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ልጁን ቀጥ አድርጎ ደረት ላይ ማቀፍ፣ መብራቱን መቀነስ፣ ቀስ ብሎ እያወዛወዙ እሹሩሩ ማለት፣ ከጠባ በኋላ ማስገሳት ይረዳል። አንዱ ቀን ይሠራል፣ አንዱ ቀን አይሠራም፤ ይህም የእናቲቱ ጥፋት አይደለም። እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ስኳር በጥብጦም አይሰጥ። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም። ከሱቅና ከፋርማሲ በስማ በለው የሚገዛ የእንቅልፍ ሽሮፕማ ጭራሽ አይታሰብ!

አንድ ነገር ደግሞ በደማቁ ይጻፍልኝ። ሰው ነንና በሦስተኛው ሰዓት ልቅሶ ላይ ደም ይፈላል። በዚያች ደቂቃ ልጁን የሚነቀንቅ፣ የሚያርገፈግፍ እጅ የጨቅላውን አንጎል አድምቶ ለዕድሜ ልክ ሊያሰናክለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ቁጣ ሲመጣ ልጁን በጀርባው አጋድሞ፣ አጠገቡ የሚያፍነው ነገር አለመኖሩን አይቶ፣ በር ላይ ወጥቶ አሥር ደቂቃ መተንፈስ ይሻላል። አልቅሶ የሞተ ጤነኛ ሕፃን የለም፤ ተነቅንቆ የሞተ ግን አለ።

ከእንግዲህ ጥያቄዬ ለእኛ ለጎረቤቶች ነው። አንድ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል፣ ሦስት ሌሊት ለማደር የማንደክም ሰዎች ነን። በሕይወት ያለ ሕፃን ሲያለቅስ ግን ግድግዳ እንደበድባለን! የሟችን ቤት የምናውቅ፣ የአራስን ቤት ረሳን ማለት ነው? ልጁ የሚያለቅሰው ቢበዛ ሌላ ሁለት ወር ነው። የግቢው ሰው ተራ ገብቶ፣ በየማታው አንድ ሰው ለአንዲት ሰዓት ልጁን ቢያቅፍላት እናቲቱ ዓይኗን ትከድናለች። እንቅልፍ ያጣች፣ ቀን ሙሉ የምታለቅስ፣ «ምነው ባልወለድኩ» የምትል አራስም ራሷ ታማሚ ልትሆን ትችላለችና፣ ጠጋ ብሎ ማነጋገር፣ ከሐኪምም ማድረስ ይገባል። ይህ የእትዬዎች ሥራ ብቻ አይደለም። ወንዶችስ? እቤት ያላችሁ አባቶች ተነሡ፤ ልጅ ማቀፍ ክንድ አይሰብርም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ኮሚቴ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አከራይዋን እማማን በሽማግሌ እናነጋግራቸው፤ እሳቸውም እናት ናቸው፣ ይሰማሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ግቢው መጥታ ልጁን እንድታይና እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንድታደርስ ይጠየቅ። የማታው ተራ ዝርዝር ደግሞ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የመጀመሪያው ስም የእኔ ይሁን፤ ዓርብ ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ልጁን የማቅፈው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋትም በግቢው በር ላይ እገኛለሁ። ቆራጩ ሲመጣ ብቻዬን እንዳልሆን የምትፈልጉ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ኑ።

ከሰፈሩ ነዋሪ፣ የማኅበሩ አባል