ስለ አንዲት «ሊ»

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን የነጻ ትምህርት ዕድል ለመጠየቅ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ማመልከቻ አሳየን። ዓመቱን ሙሉ በትጋት መሥራቱን ሊያስረዳ ፈልጎ፣ ቅጽል ተውሳከ ግሥ ሲሆን «ሊ» ይጨመርበታል የተባለውን ደንብ በማክበር «ሃርድ»ን «ሃርድሊ» አድርጎት ነበር። እንግሊዝኛው ግን «ሃርድ»ን ለሁለቱም ሳይለውጥ ይጠቀምበታል፤ «ሃርድሊ» ሲባል «እምብዛም አልሠራሁም» ወደ ማለት ይዞራል። ምስኪን፣ ስንፍናውን በገዛ ፊርማው አረጋግጦ ሊልክ ነበር! ሣቅን፤ ኋላ ግን የየራሳችንን ጽሑፍ ገለጥ ስናደርግ ሣቁ ወደ እኛው ተመለሰ።

በአማርኛ «ጠቢብ ሰው» ለማለት «ጥበብ ሰው» የሚል ተማሪ በመካከላችን የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ሰክሰስፉል» በሚገባበት ቦታ «ሰክሰስ» ብለን ስንጽፍ ጆሯችንን አይጎረብጠውም፤ ቃሉን ለብቻው ከነትርጉሙ ሸምድደነዋል እንጂ ዘመዶቹን አናውቃቸውምና። ቋንቋውም ለገማች አይመችም። «ዲሳይድ» «ዲሲዥን» ሲወልድ፣ «አራይቭ» «አራይቫል»ን፣ «ሙቭ» «ሙቭመንት»ን ይወልዳል። «ፍሬንድሊ» ደግሞ «ሊ»ን ተሸክሞ ቅጽል ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ሲያወርድ ከነእርባታው ነው። እኛም እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከነስሙ፣ ከነግሡ፣ ከነቅጽሉ፣ ከነተውሳከ ግሡ በአንድ ገጽ ላይ ብንይዝ፣ ለየአንዳንዱም አንድ ዐረፍተ ነገር ብንሠራለት ይበጀናል እንላለን። ዐረፍተ ነገሩ መቅረት የለበትም። «ኢኮኖሚክ» እና «ኢኮኖሚካል» ሁለቱም ቅጽሎች ስለሆኑ ሠንጠረዥ ብቻውን አይለያቸውም፤ የመጀመሪያው የምጣኔ ሀብትን ነገር ሲመለከት፣ ሁለተኛው ቁጠባን ይናገራል። የአገርን የኢኮኖሚ ፖሊሲ እንተቻለን ብለን ስለ ቆጣቢ ፖሊሲ የጻፍን ስንቶቻችን ነን?

መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምንለምነው አለ። በቃሉ ሥር በቀይ ቀለም ተሰምሮ ነጥብ ብቻ ሲቀነስ፣ ያጠፋነው ፊደሉን ይሁን ትርጉሙን ወይስ ቅርጹን አናውቅም። በኅዳጉ ላይ «ስም» ወይም «ቅጽል» የምትል አንዲት ቃል ብትጻፍልን መዝገበ ቃላቱን ራሳችን እናገላብጣለን። የሚታረመው ወረቀት ክምር መሆኑ አይጠፋንም፤ ስለዚህ የምንለምነው አንዲት ቃል ብቻ ነው። አርመን ስንመልስ ዳግመኛ የሚያይልን መምህር ከተገኘም፣ ውጤታችንን አይተን ወረቀቱን አጣጥፈን ኪሳችን መክተቱን እንተዋለን።