ወደ ብራውዘር ስለሚዛወሩ የንግድ ፕሮግራሞች

የነጋዴው የሒሳብና የዕቃ መዝገብ ፕሮግራም ለብዙ ዘመን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ የሚሠራ ነበር። መርካቶ ያለው ሱቅ፥ ቃሊቲ ያለው መጋዘንና ዋናው ጽሕፈት ቤት የየራሳቸውን ቅጂ ያስጭናሉ፤ ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቍጥርም ባለሙያው ከቦታ ወደ ቦታ ይዞራል። አሁን ግን ያው ፕሮግራም ከነመስኮቶቹና ከነትእዛዝ ዝርዝሩ በኢንተርኔት ማሰሻ፥ ማለት በብራውዘር ውስጥ ሊከፈት ይችላል።

ይህን ካስቻሉት ዘዴዎች አንዱ ዌብአሴምብሊ ይባላል። አራቱ ታላላቅ ብራውዘሮች እ.ኤ.አ. በ2017 ተቀበሉት፤ የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ2019 አጸደቀው። በዚህ ዘዴ ለኮምፒዩተር የተጻፈ ፕሮግራም ከሥሩ እንደ ገና ሳይጻፍ፥ አብዛኛው ክፍሉ ተለውጦ ወደ ብራውዘር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የንድፍ ፕሮግራም አውቶካድ በ2018 ወደ ብራውዘር የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ማሻሻያው በአንድ ሰርቨር ላይ ሲደረግ ለቅርንጫፎች ሁሉ ይደርሳል። አስመጪና ላኪም ለአሠራሩ እንግዳ አይደሉም፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የሚገኘው በብራውዘር ነውና።

ዳሩ ግን ነጋዴው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን በውል ሊያስጽፍ ይገባዋል።

አንደኛ፥ ፕሮግራሙ ሁሉም ብራውዘር በሚቀበለው የጋራ ደንብ እንዲሠራ ነው። ፍላሽ የተባለው የአንድ ኩባንያ ተጨማሪ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት በዓለም ሁሉ ከተሠራበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ቆመ፤ በእርሱ ላይ የታነጹ ሥራዎችም በብራውዘር መከፈት ተሳናቸው።

ሁለተኛ፥ መስመር ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቆም ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። ብራውዘር ፕሮግራሙንና የዕለቱን ሽያጭ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አቈይቶ መስመሩ ሲመለስ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ይኸውም ሠሪው አስቀድሞ ሲያዘጋጀው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፥ መዝገቡ የነጋዴው ሀብት ሆኖ እንዲኖር ነው። ባለቤቱ በፈለገው ቀን ሒሳቡን በሠንጠረዥ መልክ አውጥቶ መያዝ፥ ውሉ ሲያበቃም ሙሉ ቅጂውን መረከብ አለበት።

እነዚህ ግዴታዎች ዋጋውን ያስወድዳሉ የሚል አይጠፋም፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የደንበኞች ዕዳና የመጋዘኑ ቍጥር በሌላ ሰው ሰርቨር ተዘግቶ ቢቀር የሚደርሰው ጉዳት ከዚያ ይበልጣል። ካዝና የሚገዛ ነጋዴ ቍልፉን ሳይረከብ ከሻጩ ዘንድ አይወጣም፤ የሒሳብ መዝገቡንም ከዚያ ባነሰ ጥንቃቄ ሊያስረክብ አይገባውም።